ባሏን የምታጎርሰው አሻንጉሊት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ የሰጡኝ ስጦታ እጅ ነው። ከክርን በታች ያለ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ጥፍሩ ቀይ የተቀባ የሴት እጅ። ሌላው ሰው ሰዓት ተሸልሞ፣ ኬክ ተቆርሶለት ይሸኛል፤ እኔ እጅ በጋዜጣ ጠቅልዬ ባቡር ተሳፈርኩ። ጣቶቹ ከጋዜጣው አፈትልከው ስለወጡ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወረደች። መውረጃዋ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሜልበርን ዳርቻ ሰንሻይን ዌስት ያለው ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ዘይነብ ጋዜጣውን ፈታችና «ቢስሚላህ!» ብላ ወደ ኋላ ዘለለች።

«የማን እጅ ነው አንተ?»

«ረሳሻት? የሰውዬውን ጭንቅላት የጣለችው ናት።»

«እሷ ናት! ታዲያ እኔ ቤት ምን ትሠራለች?»

አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። እንግዳ ሲመጣ ዘይነብ ዳንቴል ታለብሳታለች፤ እንግዳው ሲሄድ ትገልጥላታለች። እኔም ሥራ ስለፈታሁ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሳያት እውላለሁ። ይህን የምጽፈው ከእሷ ጋር ተፋጥጬ መዋሉ ስለሰለቸኝ ነው።

ሥራዬን ለማያውቅ ልንገር። መሀል ሜልበርን ያለ አንድ ትልቅ ሱቅ በየዓመቱ የፈረንጅ ገና ሲቃረብ የመንገድ ዳር መስኮቶቹን በሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ያስጌጣል። ሰው ልጆቹን ይዞ፣ በዚያ በኅዳር ፀሐይ ተሰልፎ፣ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ያያል። ጭራውን የሚቆላው ውሻ፣ ጢሙን የሚያከው ሽማግሌ፣ ሕፃን የምታባብለው አሮጊት፣ የሁሉም ጡንቻ እኔ ነበርኩ። ስሜ ሰይድ ነው። ደሴ ተወልጄ፣ መርካቶ የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ጎልምሼ፣ ሜልበርን የገና አባት ጉልበት ዘይት ስቀባ ያረጀሁ ሰጋጅ ሙስሊም ነኝ።

በዚህ ነገር እንደ ወዳጄ እንደ ታደሰ ያሾፈብኝ የለም። ታደሰ ጴንጤ ነው፤ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። «እኔ ጌታን ተቀብዬ ካርቶን እጭናለሁ፤ አንተ ዙህርህን ሰግደህ ገናን ትሠራለህ። ይሄ ነገር ላይ ቤት ሲደርስ ተጣርቶ ይነገረን!» ይለኛል። «ሼህ ገና» የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ የእኛ ሰው በሚበዛበት ዌስት ፉትስክሬይ ሰይድ ብሎ ከሚጠራኝ በዚያ ስም የሚጠራኝ ይበልጣል።

እዚያ ሥራ ያስገባኝም ይኸው ታደሰ ነው፤ ሳያስበው። ለመጋዘኑ በካዥዋል፣ ማለት በጊዜያዊነት፣ አስቀጠረኝ። አንድ ቀን «ይሄን ካርቶን ከጀርባ ላለው ሼድ አድርስ» ተባልኩ። በሩን ስከፍት ጭንቅላት የሌለው የገና አባት ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ካርቶኑን ጥዬ ልሮጥ ስል ከወንበሩ ሥር አንድ አጭር፣ መላጣ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ና፣ እግሩን ያዝልኝ!»

ያዝኩ። እጃቸውን ወደ መሣሪያው ሣጥን ዘርግተው ሲዳብሱ ድንጋጤ እንግሊዝኛዬን አጥፍቶብኝ «ካቻቢቴ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ለካ ሰውዬው የማልታ ሰው ናቸው፤ በእነሱም አገር ስሙ ከእኛው ጋር አንድ ነው። እንደ አገሬ ልጅ ፈገግ አሉልኝ። የገና አባትን እግር እንደያዝኩ ሥራ አገኘሁ ማለት ይቻላል።

ማለት ይቻላል ያልኩት ኢንተርቪው ስለነበረ ነው። የዚያን ጊዜው አለቃ ብየዳ ትችላለህ ሲለኝ፣ የስ። ኤሌክትሪክ? የስ። እንጨት? የስ። ዋና ትችላለህ ቢለኝም የስ ማለቴ አይቀርም ነበር። ደሞዙ ከመጋዘኑ ትንሽ ይሻላል፣ ፐርማነንት ሆንኩ፣ ወረቀት ፈረምኩ። ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ የማወራው የለኝም።

የሽማግሌው ስም ካርሜኑ ነው። ፈረንጅ ሁሉንም በስሙ ይጠራል፤ የእኔ ምላስ ግን በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት እምቢ አለኝ። ስለዚህ «ጋሼ» አልኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሼዱ በሙሉ ጋሼ ይላቸው ጀመር። ቬትናማዊቷ ልብስ ሰፊም፣ አውስትራሊያዊው ቀለም ቀቢም «ሞርኒንግ ጋሼ!» እያሉ ይገባሉ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው የሻይ ኩባያቸው ላይ አጻፉት።

ጋሼ ካርሜኑ ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ጠዋት ሲገቡ የእያንዳንዱን አሻንጉሊት ትከሻ ነካ ማድረግ ነው። ሰላምታ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ላይ ሳስተውል የላላ ቪቴ በመዳፋቸው ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ልማዳቸው ከዚህ ይገርማል። መስኮቱ ለሕዝብ ሲከፈት እሳቸው ከልጆቹ ፊት ይቆሙና ጀርባቸውን ለመስኮቱ ይሰጣሉ። ዓመት ሙሉ የለፉበትን ሥራ አያዩትም፤ የሚያዩት የሚያየውን ሰው ፊት ነው።

«ሥራዬን ሼድ ውስጥ ጠግቤዋለሁ። እዚህ የመጣሁት ፈተናዬ ሲታረም ለማየት ነው» ይሉኛል።

እኔ ግን አንድም ቀን አልቻልኩም። አሻንጉሊቴ ከኋላዬ ስትንቀሳቀስ አንገቴ በራሱ ይዞራል። ጋሼም በየዓመቱ ትከሻዬን ይዘው ይመልሱኛል፤ እንደገና እዞራለሁ። ሰው ቢያየን እኛም የትርዒቱ አካል እንመስላለን።

ሞያው እንዲህ ነው። ካም የምንለው ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ፣ ክብ ሊሆን ሲል ሐሳቡን የቀየረ የሚመስል ነገር ነው። ሞተር ያዞረዋል፤ የምንጠቀመውም የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ነው። ጠርዙ ላይ አንዲት ዘንግ ትደገፋለች። እብጠቱ ጋ ስትደርስ ትነሳለች፣ ጎድጎድ ያለው ጋ ስትደርስ ትወርዳለች። ዘንጓ በብስክሌት ፍሬን ካቮ ከአሻንጉሊቱ ክንድ ጋር ትታሰራለች። እንግዲህ የአሻንጉሊት ጠባይ ፊቱ ላይ አይደለም፤ ወለል ሥር የተደበቀው የእንጨት ጠርዝ ላይ ነው። በሞረድ አንዴ አብዝተህ ከሞረድከው ደግ የነበረው ሰውዬ ቁጡ ይሆናል።

ዚግዛግ የሚሰፋ መኪና ሆድ ውስጥ የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድም አለ፤ መርካቶ ስንቱን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ስለዚህ ገና ከመግባቴ አውቃለሁ ባይ ሆንኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ እጁን ለልጆች የሚያውለበልብ የገና አባት ነበር። ሞተሩን ስንለኩሰው ዝንብ የሚያባርር መሰለ። ቀለም ቀቢው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። የራሳቸውን እጅ ዓይኔ ሥር ቀስ አድርገው አነሡና አወረዱ።

«የሰው እጅ ድንገት አይቆምም፣ ሰይድ። ይደርሳል። እስኪደርስ ሞርድ።»

ሞረድኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ እንደገና ሞረድኩ። እንጨቱ አልቆ ሌላ እስኪያስፈልግ ድረስ።

አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ማስታወሻ አፍቃሪ ነበር፣ አንዱ የደኅንነት ጫማ። ከሁሉም የማልረሳት ሊንዳ ናት። ክፉ አልነበረችም፤ ነገር አታንዛዛም እንጂ። አንድ ጠዋት ሼድ መጥታ ስለ መጪው ገና ስታወራ እንዲህ አለች።

«የሱቁ ሰዎች መስኮቶቹን በስክሪን መቀየር ይፈልጋሉ። ስክሪን ዘይት አይፈልግም፣ አይሰበርም። አንድ ዓመት ለምኜላችኋለሁ። ትልቁ መስኮት ሰው ከወደደው ሼዱ ይቀጥላል። ካልወደደው ይዘጋል።»

አራት ነበርን። ጋሼ ለጡረታ አንድ ገና ነበር የቀራቸው፤ ለራሳቸው ምንም አይቀርባቸውም። ግን የዚያን ቀን የአሻንጉሊቶቹን ትከሻ ሲነኩ የእኛንም ነኩ፤ ልብስ ሰፊዋን፣ ቀለም ቀቢውን፣ እኔን።

ለትልቁ መስኮት የተመረጠው የቤተሰብ የገና ምሳ ነበር። ረጅም ገበታ፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን፣ ልጆች፣ አያት፣ ከጠረጴዛው ሥር ውሻ። ዲዛይነሯ የላከችውን ሥዕል ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ባልና ሚስት ተጣልተዋል እንዴ?»

«ለምን?»

«አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ሁሉም የራሱን ብቻ ወደ አፉ ይልካል። ማንም ማንንም አያጎርስም።»

ማጉረስ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። በእንግሊዝኛ ሳስረዳው ለራሴም እብደት መሰለኝ፤ ትልቅ ሰው፣ ጤነኛ ሰው፣ ሁለት እጅ ያለው ሰው፣ ሌላ ሰው አፉ ውስጥ ምግብ ይከተዋል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ሳቁ።

«እንግዲያው አስታርቃቸው» አሉኝ።

በደስታ ሰከርኩ። ሚስትየዋ ከገናው ጣፋጭ፣ ከፑዲንጉ ቆርሳ፣ ክንዷን አንሥታ፣ ባሏ አፍ ድረስ ታደርሳለች። ካሟን እንደ ጌጥ ሞረድኳት። ሼድ ውስጥ ስንሞክራት እጇ ከናፍሩን ስትነካው አይታይም፤ ውብ ነበረች። ሊንዳም አይታ «ይሄ ደስ ይላል» አለች። እቤት ስገባ ዘይነብን «መስኮቱን ሊያይ የሚመጣው ሕዝብ መንገድ ይዘጋል» አልኳት። በዚህ አልተሳሳትኩም።

የረሳሁት አንድ ነገር ነው። ስለካው ሰውዬው ራቁቱን ነበር። ለመስኮቱ ጥጥ የተሞላ የክረምት ኮት አለበሱት፤ የኮቱ ጀርባ ከወንበሩ መደገፊያ ወደ ፊት ገፋው። አንዲት ጣት ያህል ብቻ።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ፀሐዩ ያቃጥላል። የትምህርት ቤት ልጆች መዝሙር ዘመሩ፣ ሊንዳ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ መጋረጃው ተነሣ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጡ። እኔ እንደ ልማዴ አፍጥጬ አየሁ።

የመጀመሪያዋ ጉርሻ ደረሰች፤ ሰውዬው ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። «አቤት፣ ጥሞታል!» አልኩ በልቤ። ሁለተኛዋ ላይ አገጩ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ጉርሻ ወደ ኋላ ትገፋው ጀመር። አንገቱ ላይ ያለችው ቪቴ እየላላች እንደሆነ ገባኝ፤ መስታወቱን አልፌ ልይዘው አልችልም። ጭንቅላቱ ተንጋደደ፣ ሰማይ አየ፣ ከዚያም ወደቀ። ወንበሩን ነጥሮ፣ በጠረጴዛው ሥር ተንከባልሎ ውሻው እግር ሥር ቆመ።

ውሻው ጭራውን ይቆላል። አያትየዋ በፈገግታ ራሷን ትነቀንቃለች። ሚስትየዋም ደግነቷን አላቋረጠችም፤ ጭንቅላት ለሌለው ባሏ ማጉረሷን ቀጠለች። ፑዲንጉን ከኮቱ አንገትጌ ውስጥ ትከታለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትቆርሳለች።

መዝሙሩ ቆመ። ግማሹ ልጅ ጮኸ፤ ግማሹ «እንደገና!» አለ። ጋሼ ያዩት የሰውን ፊት ብቻ ስለነበር ዞር ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ምን ወደቀ?»

«ባልየው።»

«በሙሉ?»

«ዋናው ክፍል።»

ሊንዳ መጋረጃውን አስወረደች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ይሄ መጋረጃ ይነሣል። ከጀርባው ወይ የሚሠራ ነገር ይኖራል፣ ወይ የስክሪኑን ሰዎች እጠራለሁ» ብላ ሄደች።

ከመስኮቱ ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ጭንቅላቱን ታቅፌ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ ቀለም ቀቢው ቤት ገዝቷል። ሁሉንም በአንድ ጉርሻ በላኋቸው።

ጋሼ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምሳ ምን ይዘሃል?»

«ጋሼ፣ አሁን ስለ ምሳ ነው?»

«ሰዓቱ ነው እኮ።»

ዘይነብ የቋጠረችልኝን ፍርፍር ከፈትኩ። እኔ መብላት አልቻልኩም። ሽማግሌ ሰው አጠገቤ ሹካ ሲፈልጉ ማየት ግን አልወድም። ሳላስበው ጠቅልዬ ወደ አፋቸው አነሣሁ። ጎረሡ። ማኘክ ጀመሩ፣ ከዚያ ድንገት ማኘካቸውን አቆሙ።

«ድገም።»

«ጣፈጠዎት?»

«ጣፍጧል፤ እሱን አይደለም። ድገም፣ ቀስ ብለህ።»

ጠቅልዬ አነሣሁ። እጄ ገና መንገድ ላይ ሳለች አፋቸው ተከፈተ፤ አንገታቸው ወደ ፊት መጣ፤ የመጨረሻዋን መንገድ እሳቸው ሄደው ተቀበሉኝ።

«አየህ? አፍህን ክፈት አላልከኝም። ና አላልከኝም። ጭንቅላቴ ራሱ መጣ። ያ ሰውዬህስ ይመጣል?»

ክንዴ ውስጥ ያለውን ጭንቅላት አየሁት። «አይመጣም። ወንበር ላይ የተቸነከረ ነው።»

«እንግዲያው አላጎረሰችውም፣ ሰይድ። መታችው።»

ሕይወቴን ሙሉ ስጎርስና ሳጎርስ ኖሬ፣ ግማሹ ሥራ የተቀባዩ እንደሆነ አንድ የማልታ ሽማግሌ ፍርፍር አፋቸው ውስጥ ይዘው ነገሩኝ። ሰጪዋን ስኩል ተቀባዩን ረስቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም። ጋሼ ለአንገቱ ሞላ ገጠሙ፤ ልብስ ሰፊዋ የኮቱን ጀርባ ፈትታ ጥጡን አወጣች፤ ቀለም ቀቢው የተጫረውን አፍንጫ አደሰ። ያቺን ጥፋተኛ እጅ ፈትተን ቀለል ያለች ሌላ ገጠምን። እኔ ሁለት አዲስ ካም ሞረድኩ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእሱ። ጋሼ ያወጡት ሕግ አንድ ነው፤ እጇ ከአፉ አንዲት ጣት ሲቀራት ትጠብቀው፣ የቀረውን እሱ ይሂድ።

በማግሥቱ መጋረጃው ሲነሣ ሰው ካለፈው ቀን በእጥፍ በዝቷል። ወሬ ተሰምቷላ፤ ጭንቅላት ሲወድቅ ሊያዩ ነው የመጡት። ልዞር ስል ጋሼ ትከሻዬን ጨብጠው ያዙኝ።

«ዛሬ ብትዞር እኔ ነኝ ጭንቅላትህን የምጥለው። ፊታቸውን እይ።»

አየሁ። በመጀመሪያ የልጆቹ ዓይን ተነሣ፤ እጇ ተነሥታለች ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ፤ እየጠበቀችው ነው። ከዚያ አንዲት ጉንጯ ክብ የሆነ ትንሽ ልጅ አፏን ከፈተች። አጠገቧ ያለው ወንድሟም። ከኋላቸው ያሉት እናታቸው። እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ሄደ፤ ፖሊሱ፣ ጡብ ተሸካሚው፣ ከትራም የወረደው ሁሉ አፉን ከፍቶ ከሰውዬው ጋር አብሮ ይጎርሳል። ጥግ ላይ ሊንዳ ቆማለች። ክንዷን አጣምራ፣ ፊቷን አጨማዳ፣ አፏን በርግዳ።

ከሰዓት በኋላ ሼድ ደውላ አንድ ነገር ብቻ አለች። «እንዳትነኩት።»

ሼዱ አልተዘጋም። ስክሪን ሁለት መስኮት ወሰደ፣ ሌላው ለእኛ ቀረ፤ አሁንም እንዲሁ ነው። ጋሼ በዚያ ገና ጡረታ ወጥተው ኪንታሮት የሚያህል ፍሬ የሚሰጥ የቲማቲም ችግኝ ለዓመታት ሲያባብሉ ኖሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው «አባታችን ጋሼ» ብላ ስትናገር የማልታ ሰዎች ሁሉ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይጠያየቁ ነበር።

ዘንድሮ እጄ ሞረድ ላይ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ እኔም ወጣሁ። ቦታዬን የያዘችው ቲና ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። «ሰይድ፣ የድሮው ገበታ ተመልሷል። ካሞቹን አዲስ ሠራኋቸው። መጥተህ እይልኝ፤ ፈርቻለሁ» አለች። እኔም ፈራሁ። የሠራኸውን ነገር ሌላ ሰው ሲሠራው ማየት ልጅን እንደመዳር ነው፤ እንከን ስትፈልግ ጎኑን ሁሉ ታያለህ።

ዘይነብንና የልጅ ልጄን ሀያትን ይዤ ሄድኩ። ሀያት ጉርሻ አትወድም። ሳነሣላት ፊቷን ታዞርና በእንግሊዝኛ «እጅ አለኝ እኮ» ትለኛለች። ታደሰም በስልክ «ሼህ ገና፣ ጭንቅላት ከወደቀ ፎቶ አንሣልኝ» ብሎ መርቆኛል።

ሰልፉን ጠብቀን ፊት ደረስን። ሙዚቃው ሲጀምር የኔ አንገት ሊዞር አለ፤ ትከሻዬን የሚይዝ ሰው የለም። ራሴ ያዝኩትና ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጠሁ።

ዓይኖቹ ተነሡ። ጸጥታው መጣ፤ ቲና ከእኔም አስረዝማ ታስጠብቃለች፣ ጎበዝ። ከዚያ በአባቱ ትከሻ ላይ ያለው ሕፃን አፉን ከፈተ። ጥምጣም ያሰሩት ሽማግሌ አገጫቸው ከነጢማቸው ወረደ። ስልክ የደቀነው ጎረምሳ ስልኩን ረሳው። ሀያት አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነበርና ፊቷን አላየሁትም፤ ቀና ስትል ግን አፏ ባለበት ቦታ መስታወቱ ላይ ትልቅ ክብ የትንፋሽ ጉም ቀርቷል።

ዘይነብ ብቻ መስኮቱን አታይም። እኔን ነው የምታየው፤ ሳቋን ይዛ።

«ምነው?»

«አንተ ሽማግሌ፣ አፍህን ዝጋ። ዝንብ ሊገባ ነው።»

ለካ ከፍቼዋለሁ። ልዘጋው ስል ከቦርሳዋ ተምር አወጣችና ክንዷን ወደ ላይ አነሣች። ዘይነብ አጭር ናት፤ እጇ አፌ ጋ ልትደርስ አንዲት ጣት ቀራት። እዚያው ያዝ አድርጋ ጠበቀችኝ።

የቀረውን እኔ ሄድኩላት።